ያሬድና ያልለመደ ጆሮ

በጋይንት የምትገኘውን ቤተ ልሔምን የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። ድጓ የተማረ ሁሉ ትምህርቱን የትም ይጀምረው የት፣ በመጨረሻ መጥቶ የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ ተማሪ ቀን ቁራሽ ሲለምን ይውልና ሌሊት ሲያዜም ያድራል። ድምፁን ከልጅነቱ የለመደ ሰው ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ ልቡም ይነካል። ያልለመደው መንገደኛ ግን ጩኸት መስሎት ያልፋል። ታዲያ ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ ጆሮው ሁለት የሆነው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት የዜማው ደራሲ የያሬድን ሕይወት ባጭሩ እንመልከት።

ያሬድ የኖረው በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። ታሪኩን የጻፉት አባቶች እንደሚተርኩት የተወለደው በአክሱም ሲሆን፣ ለትምህርት የተሰጠው ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ነበር። ልጁ ግን ትምህርት አልገባህ አለው። መዝሙረ ዳዊትን ማጥናት አቃተው። መምህሩ ገረፉት፤ ዱላውም አልፈየደም። በመጨረሻ ልጁ ምርር አለውና ጥሎ ጠፋ።

በመንገድ ላይ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። እዚያም አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትታገል አየ። ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ ደግሞ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ከወደቀች በኋላ ከዛፉ ላይ ደረሰች። ያሬድ ይህን አይቶ በራሱ አፈረና ወደ መምህሩ ተመለሰ። አባ ጌዴዎንም ይቅርታውን ተቀብለው እንደገና ያስተምሩት ጀመር። ስለ ትሏ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ለእኛ መምህርነትን ለምንማር ሰዎች ግን ከትሏ ይልቅ የመምህሩ ነገር ሊያሳስበን ይገባል። በዱላ ያልተማረው ልጅ በእግሩ ሲመለስ በሩ ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ድጓ የሚባል ነገር ባልኖረን ነበር።

ያሬድ አድጎ ዲያቆን ሆነ። በአክሱም ጽዮንም ከዚያ በፊት ያልተሰማ ዜማ አሰማ። ዜማውን ሦስት ወፎች እንዳስተማሩት ይተረካል። ስልቶቹ ሦስት ናቸው፤ ደረቅና ጠንካራው ግዕዝ፣ ለስለስ ያለው ዕዝል፣ ቀጠን ብሎ አንጀት የሚበላው አራራይ። የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያዳርሰው ድጓ የእሱ ድርሰት ነው ይባላል፤ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕትም እንዲሁ። አንድ ቀን በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በያሬድ እግር ላይ ተከሉት። ደሙ ሲፈስ ንጉሡም አላዩ፣ ያሬድም አልተሰማው። በኋላ ንጉሡ ደንግጠው የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅዱለት፣ የጠየቀው ሹመት ወይም ርስት ሳይሆን መሰናበቻ ነበር። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ እያስተማረና እየጸለየ በዚያው ዐረፈ።

ከእሱ በኋላ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመታት ኖረ። ምልክት የተሠራለት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ሲሆን፣ የሠሩትም ጌራና ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ርክርክ እያልን የምንጠራቸው እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ የማያውቀውን ሰው ብቻውን አያስተምርም። የግድ መምህር ያስፈልጋል። ቤተ ልሔም ለድጓ፣ እዚሁ ጋይንት ያለችው ዙር አምባም ለዝማሬና መዋሥዕት የምስክር ቦታ ሆነው የኖሩት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር አብረው ከዘመቱት ምሁራን አንዱ ቪሎቶ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሰው ነበር። ካይሮ ላይ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ዜማችንን ሰምቶ በአውሮፓ ኖታ ጻፈው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኖታ ድምፅን እንደ ደረጃ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ የእኛ ዜማ ደግሞ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲንሸራተትና ሲርገበገብ ነው ውበቱ። በወረቀቱ ላይ አጥንቱ ቀረ፣ ሥጋው ጠፋ።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ከብሪታንያ የመጣ ወጣት ቤተ ልሔም ደርሶ በክብ የሣር ቤት ውስጥ የተሸፈነውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አየ። በ1959 ባሳተመው መጽሐፍም ለውጭው ዓለም አስታወቀው። ግድግዳን ዐይን ያለው ሁሉ ወዲያው ያያል። በዚያው ግድግዳ ሥር የሚዜመውን ለመስማት ግን ጆሮ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ምክንያቶቹን ስንዘረዝር፣ አንደኛ ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ ምሥጢሩን የማያውቅ ሰው ግማሹን ያጣል። ሁለተኛ ምዕራባዊው አድማጭ ልዩ ልዩ ድምፆች ባንድ ጊዜ ተስማምተው ሲሄዱ መስማት ለምዷል፤ አንዱን ዜማ ብቻ ረጋ አድርጎ መሳብ ድህነት ይመስለዋል። ሦስተኛ ዜማው የመድረክ ጨዋታ አይደለም። በመቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙለትን ነገር ሦስት ደቂቃ ቆርጠው ቢያሰሙት ምን ጣዕም ይኖረዋል?

ይህ የእኛ ዕጣ ብቻ አይደለም። የጃፓንን የካርቱን ፊልም፣ አኒሜ የሚሉትን እንመልከት። ኦሳሙ ቴዙካ ሕክምና ተምሮ ሥዕል የመረጠ ሰው ነው። አቶም የሚባለው የብረት ልጅ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ሲገባ ስሙ ተለወጠ፤ ከበድ ያሉ ትርዒቶችም ተቆረጡ። እዚያ ካርቱን ማለት የሕፃናት ማሳቂያ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሞትና ሐዘን የሚታይበት ካርቱን የት መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ጠፋቸው። በ2003 የሚያዛኪ ፊልም ኦስካር እስኪያገኝ 40 ዓመት አለፈ። ዛሬ ብዙው ወጣት ለምዶታል፤ የልጆች ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው ታላቅ ሰው ግን አሁንም አለ። እንግዲህ ሰው ያላወቀውን ጥበብ ቀድሞ በሚያውቀው ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፤ አልገባ ሲለውም ጥፋቱን በጥበቡ ላይ ያደርጋል።

መፍትሔውስ? ጥበቡን ለባዕድ ጆሮ ሲሉ መቆራረጥ አይደለም። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፍሪ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ከ1993 ጀምሮ ስለ ዜማችን ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ሲያሳትሙ ከድምፅ ቅጂው ጋር ነበር፤ ሸለመይም ቀደም ብለው እዚሁ አገር መጥተው ከሊቃውንቱ ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የተማረ ጆሮ ይሰማል ማለት ነው።

ይሁንና የሚያስፈራው የባዕድ ጆሮ አይደለም። ዛሬ ከእኛው ልጆች መካከል ግዕዙን ከዕዝል የማይለይ፣ ዜማ ሲሰማ እንደዚያ መንገደኛ ጩኸት መስሎት የሚያልፍ ሞልቷል። ምን ያደርግ፣ ማን አስተማረው? ነገ ክፍል ስንገባ ትምህርት አልገባህ ያለው ልጅ ከፊታችን ይቀመጣል። ጆሮው ደንቆሮ አይደለም፤ ገና አልለመደም። አባ ጌዴዎን በመጨረሻ ያወቁት ይህንኑ ነው። እኛ ግን ልጁ እስኪጠፋ ሳንጠብቅ ከመጀመሪያው ብናውቀው ይሻላል።