ሬቸል ካርሰን፦ ፀረ ተባይ፣ ዶሮና ዘረመል

በመዘዞ ወይም በሌላ የሰሜን ሸዋ ቀበሌ ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ፣ ዶሮዎ የምትውለው በጓሮና በማሳ ዳር ነው። ትል ትለቅማለች፣ የወደቀ እህል ትጭራለች። ማሳው ወይም ጎተራው ፀረ ተባይ ከነካው፣ ኬሚካሉ ወደ ማዕድዎ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዷ እርሷ ናት። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለሰፊው ሕዝብ ካስረዱት ቀዳሚዋ አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬቸል ካርሰን ናት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ካርሰን በ1907 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ስፕሪንግዴል ውስጥ ተወለደች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ከዚያ በኋላ አባቷ በ1935፣ እህቷ በ1937 ስለሞቱ እናቷንና የእህቷን ሁለት ልጆች የማስተዳደር ሸክም በእርሷ ላይ ወደቀ። በመንግሥት የዓሣ ሀብት ቢሮ እየሠራች ቤተሰቡን አኖረች። ስለ ባሕር የጻፈችው መጽሐፍ በ1951 ታዋቂ ሲያደርጋት፣ ሥራዋን ለቅቃ ጽሕፈት ብቻ ያዘች።

ዲዲቲ በዚያ ዘመን እንደ ተአምር ይታይ ነበር። ነፍሳትን እንደሚገድል የደረሰበት ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል፤ ወባንና ታይፈስን ለመከላከል ስለጠቀመ ሽልማቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1958 ግን ካርሰን ከአንዲት ወዳጇ ደብዳቤ ደረሳት። ለትንኝ ተብሎ ከአውሮፕላን በተረጨ መድኃኒት ግቢዋ ውስጥ ወፎች ረግፈው ነበር። ካርሰን አራት ዓመት አጥንታ በ1962 ሳይለንት ስፕሪንግ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች። ያነሳችው ጥያቄ የሞቱትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፦ ያልገደለው መጠን በሰውነት ስብ ውስጥ ተጠራቅሞ ምን ይሠራል?

ለዚህ ጥያቄ ዶሮ ጥሩ ምስክር ናት። በ1950 በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ዲዲቲ የተወጉ ወጣት አውራ ዶሮዎች የዘር ፍሬያቸውና አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ በሚገባ ሳያድግ ቀርቷል። ነገሩ ዛሬ ይበልጥ ይገባናል። አስኳል የሚሠራበትን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረመል በአውራው ጉበት ውስጥም አለ፤ ግን ተኝቷል። የሚቀሰቅሰው ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ነው። በዲዲቲ ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ ደግሞ ይህን ሆርሞን ይመስላል፤ ስለዚህ ሆርሞኑ የሚያዛቸውን ዘረመሎች ሊያነቃ ይችላል። ዘረመሉ ራሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትእዛዙ ነው። ጂን ኤክስፕሬሽን ተዛባ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይህን ከውጭ አይተው አይለዩትም። ዲዲቲ የንስርና የጭልፊትን እንቁላል ቅርፊት ያሳሳል፤ ዶሮ ግን ይህን በደንብ ትቋቋማለች። ቅርፊቱ ጠንካራ ሆኖ ኬሚካሉ አስኳሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መቀቀልም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም።

ካርሰን መጽሐፉን ስትጽፍ የጡት ካንሰር ነበረባት። በ1960 ጡቷ ሲቆረጥ ሐኪሟ እውነቱን ሸሸጋት፤ የዚያ ጊዜ ልማድ ነበር፣ ጊዜም አባከነባት። ተቃዋሚዎቿ ሕመሟን መሣሪያ እንዳያደርጉት እርሷም ከሕዝብ ደበቀችው። በ1963 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ መሰከረች። ሚያዝያ 14 ቀን 1964 በ56 ዓመቷ አረፈች። ካንሰሯን ፀረ ተባይ አመጣው የሚል ማስረጃ የለም። ፀረ ተባይ ሁሉ ይቅርም አላለችም፤ አገሯ ዲዲቲን ከእርሻ ያገደችው በ1972 ነው።

ኢትዮጵያ ለወባ መከላከያ ዲዲቲን ለአሥርተ ዓመታት ቤት ውስጥ ረጭታለች። መዘዞ ደጋ ስለሆነች እዚያ ይበልጥ የሚያሳስበው የማሳውና የጎተራው መድኃኒት ነው። ማላታይን እንደ ዲዲቲ በስብ ውስጥ ለዓመታት አይቆይም፤ ነገር ግን ነርቭን ይመርዛል። ስለዚህ ማሳ ሲረጭ ዶሮዎችዎን መለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ዘግተው ይቀልቡ። በመድኃኒት የታሸ ዘር አይስጧቸው፤ የመድኃኒቱን ዕቃም የውኃ መጠጫ አያድርጉት። ከርጭት በኋላ ዶሮ በድንገት ብትሞት ሥጋዋን አይብሉ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።