ፊት የመለሰ ሐኪም፦ ሃሮልድ ጊሊስ

በጦርነት እግሩን ያጣ ሰው ጀግና ይባላል። ፊቱን ያጣውስ? ሰው ይሸሸዋል፤ የገዛ ልጁ ሳይቀር ይፈራዋል። ጊሊስ ዕድሜውን የሰጠው ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ሰዎች ነው።

በ1882 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንደዚያው) በኒው ዚላንድ ተወለደ። እንግሊዝ አገር ተምሮ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 ፈረንሳይ ሲዘምት፣ ፍንጣሪ የወታደሮችን አገጭና ጉንጭ ይዞ ሲሄድ አየ። ቁስሉን ጎትቶ መስፋት ደግሞ ፊትን ያጣምማል እንጂ አይመልስም። በ1916 በኦልደርሾት ለፊት ቁስለኞች ብቻ የሚሆን ክፍል አስከፈተ። ከሶም ውጊያ 200 ያህል ቁስለኛ ሲጠብቅ 2,000 ያህል ጎረፈበት። በ1917 በሲድካፕ በተከፈተው ሆስፒታል እሱና ባልደረቦቹ ከ5,000 በላይ ሰዎችን አከሙ።

ታዲያ ዘዴው ምን ነበር? ከደረት ወይም ከግንባር ቆዳ ያነሣል፤ አንዱን ጫፍ ግን አይቆርጥም፤ ደም የሚመላለሰው በዚያ ነው። በ1917 ጠርዝና ጠርዙን ሰፍቶ እንደ ቱቦ አደረገው፤ ይህም ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ረዳ። ፔኒሲሊን እኮ ገና አልነበረም! ቆዳው በአዲሱ ቦታ ሲይዝ ቱቦው ይቆረጣል። በ1918 ግን ፊቱ ለተቃጠለ አብራሪ በአንድ ጊዜ ብዙ ቆዳ ቢያለብስ ቆዳው ሞተ፤ ሰውየውም አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ አለመቸኮልን፣ በየደረጃው መሥራትን ሕጉ አደረገ።

ከጥርስ ሐኪሞች ስለ መንጋጋ ተማረ። ሠዓሊው ሄንሪ ቶንክስ የቁስለኞቹን ፊት እየሣለ መዝገብ ያዘለት። ጊሊስ ያወቀውን አልደበቀም፤ በ1920 በመጽሐፍ አወጣው። በ1960 ዐረፈ።

በአገራችንስ? ኖማ የሚባለው በሽታ ምግብ ያጠራቸውን ሕፃናት ጉንጭና ከንፈር ይበላል። ድድ ሲያብጥ ቶሎ ከታከመ በመድኃኒት ይድናል፤ ካለፈ ግን የሚቀረው ያው ከራስ ገላ ቆዳና ሥጋ አንሥቶ መተካት ነው። ከተረፉት ብዙዎቹ ተደብቀው ይኖራሉ።

ነገ ከአቃቂ በሰቃ ወጥተን በየት/ቤቱ ስንበተን፣ ፊቱን በነጠላ የሸፈነ ልጅ ከኋላ ወንበር እናገኝ ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው የሐኪም ነው። ልጁን በስሙ ጠርቶ፣ ዐይን ዐይኑን እያዩ ማስተማር ግን የእኛ ሥራ ነው።