አባ ድሜጥሮስና የመጪው ዘመን ሒሳብ

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፥ ክረምቱ አልፎ ምድር በአደይ አበባ በተሸለመች ጊዜ፥ ካህኑ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ባሕረ ሐሳቡን ያውጃል፤ ይኸውም ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደ ሆነ፥ አበቅቴውና መጥቅዑ ስንት እንደ ወጣ፥ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፥ ትንሣኤም በየትኛው ቀን እንደሚውል ነው። በዚያች ሰዓት የሚሰማው ሕዝብ እህሉ ገና በማሳ ላይ ነው፤ ውርጭ ይምታው ወይም አንበጣ ይብላው አያውቅም፤ ከተሰበሰቡትም መካከል እስከሚመጣው ፋሲካ ማን እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ፋሲካው ግን ቀኑ ተቈርጦለት ከወዲሁ ይጠብቃል። ይህን ሥርዓት ለቤተ ክርስቲያን እንዳስገኘ የሚነገርለት አባ ድሜጥሮስ ከፈላስፎች ጉባኤ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ወይን ተካይ ገበሬ ነበረ እንጂ።

ድሜጥሮስ በግብፅ አገር ከክርስቲያን ወገን ተወለደ። አባቱ የሟች ወንድሙን ልጅ በቤቱ ያሳድግ ነበረና፥ ልጆቹ ባደጉ ጊዜ ብላቴናይቱ ለአረማዊ እንዳትዳር ብሎ ሁለቱን አጋባቸው። በኢትዮጵያ መምህራን ትረካ ስምዋ ልዕልተ ወይን ይባላል። እነርሱ ግን አብረው እንዳደጉ ወንድምና እኅት መሆናቸውን አስበው፥ በሰው ፊት ባልና ሚስት ሆነው፥ በእግዚአብሔር ፊት ድንግልናቸውን ጠብቀው ኖሩ። ይህን ምሥጢር ከሁለቱ በቀር ማንም አላወቀም።

በዚያን ዘመን በመንበረ ማርቆስ አሥራ አንደኛው ሊቀ ጳጳሳት አባ ዩልያኖስ ተቀምጦ ነበረ። እርሱም ለዕረፍቱ በቀረበ ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ ተገልጦ፥ በነጋው የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው ከእርሱ በኋላ እንዲሾም ነገረው። ጊዜው ወይን የሚያፈራበት አልነበረም። ድሜጥሮስ ግን ወደ አትክልቱ ወርዶ ያለ ወራቱ የበሰለ ዘለላ አገኘና፥ ለገበያ ሳያስብ ወይም ለቤቱ ሳያስቀር በረከት ይቀበልበት ዘንድ ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ይዞ መጣ። አባ ዩልያኖስም ለተሰበሰቡት ይህን ሰው አሳያቸው። ድሜጥሮስ መጽሐፍ ያልተማረ፥ ሚስትም ያለችው ሰው መሆኑን ተናግሮ እንዲተዉት ቢለምን አልሰሙትም፤ ይዘው ሾሙት። ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ189 ዓ.ም. ግድም፥ ቆሞዶስ ቄሣር በሮም ሲነግሥ ነው።

ከተሾመም በኋላ ፊደል ከመቍጠር አላፈረም። በሸመገለ ዕድሜው ብሉይንና ሐዲስን ተምሮ መምህር ሆነ። እስክንድርያ የጥበብ ከተማ ነበረችና የሊቃውንት ዓይን በዚህ ገበሬ ላይ ያረፈበት ሁኔታ ቀላል አልነበረም። ይልቁንም ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃነ ጳጳሳት ደናግል ስለ ነበሩ ሕዝቡ በሚስቱ ምክንያት አንጐራጐረ። በመጨረሻም መልአኩ ምሥጢሩን እንዲገልጥ አዘዘው። በማግሥቱ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ ሕዝቡ እንዳይወጣ አስደረገና እሳት አስነደደ፤ ፍሕሙንም በእጁ እየዘገነ በልብሱና በሚስቱ ልብስ ላይ አደረገ፤ ከሁለቱም ልብስ አንዱ አልተቃጠለም። ያን ጊዜ 48 ዓመት እንዴት አብረው እንደ ኖሩ ነገራቸው። ሕዝቡም ስላሙት ይቅርታ ለመኑት፤ እርሱም ይቅር አላቸው። ይህ ነገር መጋቢት 12 ቀን ይታሰባል። ከእርሱ ይልቅ የሚስቱ ትዕግሥት የሚበልጥ ይመስላል፤ እርሱ ለመንበሩ ክብር ሲባል ምሥጢሩን ገለጠ፥ እርስዋ ግን የሐሜቱን እኩሌታ ያለ አንዳች ሹመት ተሸክማ ነበረ።

በዚያን ጊዜ ምእመናን በጾምና በፋሲካ ቀን አንድ አልነበሩም። ስንክሳር እንደሚተርከው አያሌዎቹ ጌታን አብነት አድርገው ከጥምቀት ማግሥት ጀምረው አርባውን ቀን ይጾሙ ነበረ፤ ሕማማቱንና ትንሣኤውን ግን ለብቻው ያከብሩ ነበረ። በእስያ ያሉት ከአይሁድ ጋር በኒሳን 14 ቀን፥ በየትኛውም ዕለት ቢውል፥ ፋሲካን ያደርጉ ነበረ፤ ሌሎቹ ከእሑድ አያወጡትም ነበረ። በዚህም ምክንያት የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ቪክቶር የእስያን አብያተ ክርስቲያናት እስከ መለየት ደርሶ ነበረ። አንዱ ወገን ሲያለቅስ ሌላው የሚደሰትበት ሕማማት ለአረማውያን መሳለቂያ ነበረ።

አባ ድሜጥሮስ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ሆሣዕናና ትንሣኤ ጰራቅሊጦስም ከእሑድ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ዕርገት ከሐሙስ ሳይወጡ እንዲውሉ ይመኝ ነበረ። የአገራችን መምህራን እንደሚያስተምሩት መልአክ መጥቶ፥ ነገር በምኞት እንደማይገኝ ነግሮ፥ ከሌሊቱ 23 ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲገባ አዘዘው። የቀኑ ያነሰው ቀን ቀን ሕዝቡን ሲያስተምር ስለሚውል ነው፤ እግዚአብሔርን የሚጠይቅ እረኛ መንጋውን ትቶ አይጠይቅምና። የሌሊቱ 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፥ ይህ አበቅቴ ተባለ። የቀኑ 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ 30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፥ ይህ መጥቅዕ ተባለ። ሁለቱም በአንድነት 30 ናቸው። የሚያስደንቀው የፀሐይ ዓመት 365፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለ ሆነ ልዩነታቸው ይኸው 11 መሆኑ ነው፤ በ19 ዓመትም ፀሐይና ጨረቃ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ሒሳቡ ከእርሱ በኋላ በተነሡ ሰዎች እጅ ደረጃ በደረጃ እንደ ተሟላ ይናገራሉ፤ መሠረቱን የጣለ አባት ስሙ ቢነሣ ግን የሚነቅፍ ሰው ሊኖር አይገባም።

አሠራሩን በአንድ ዓመት ማየት ይበቃል። በ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7517 ነበረ። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ስለ ዘመን ሲነሣለት ወንበሩ 11 ሆነ። 11 ጊዜ 11፥ 121፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1። 11 ጊዜ 19፥ 209፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። መስከረም 29 በረቡዕ ዋለ፥ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29ና 4 ሲደመር 33፥ ከ30 የተረፈው 3 መባጃ ሐመር ሆነ። ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ፤ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት ፋሲካው ሚያዝያ 12 ቀን እሑድ ዋለ።

ሒሳቡን ባገኘ ጊዜ ለራሱ አገር ብቻ አላስቀረውም። በስንክሳር እንደ ተጻፈው ለሮም፥ ለአንጾኪያና ለኢየሩሳሌም ሊቃነ ጳጳሳት ላከው። የፍልስጥኤም ኤጲስ ቆጶሳትም በዚያ ዘመን ከእስክንድርያ ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፉ ፋሲካን በአንድ ቀን ያደርጉ እንደ ነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ሁሉም በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ወሰኑ፤ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳትም በየዓመቱ የፋሲካውን ቀን በመልእክት ያስታውቁ ነበረ።

የጾሙን ቀን አስቀድሞ ማወቅ መከራውን አላስቀረለትም። በ202 ሳዊሮስ ቄሣር ባስነሣው ስደት በእስክንድርያ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ የከተማይቱ ትምህርት ቤት አለቃ ቀሌምንጦስም ከአገሩ ወጣ። ከሰማዕታቱ አንዱ ሊዮኒዳስ ነበረ፤ ልጁ ኦሪገን ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበረ። ድሜጥሮስ ይህን ወላጅ አልባ ብላቴና አይቶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ግድም ትምህርት ቤቱን ሰጠው። ማረሻ የያዘ እጅ ከሊቃውንት ሁሉ የሚልቀውን ወጣት መረጠ። ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ230 ግድም፥ የፍልስጥኤም ኤጲስ ቆጶሳት ኦሪገንን ያለ ሊቀ ጳጳሱ ፈቃድ በቂሣርያ ቅስና ሾሙት። ድሜጥሮስ ጉባኤ ሰብስቦ ከማስተማር ከለከለው፤ ኦሪገንም ወደ ቂሣርያ ሄዶ በዚያ ቀረ። ከታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ይህን በቅናት የተረጐሙት አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የቀኖናን ሥርዓት የጠበቀ አባት አድርጋ ትቈጥረዋለች። ሁለቱም ሳይታረቁ መለያየታቸው ያሳዝናል።

በእርጅናው ኃይሉ በደከመ ጊዜ በአልጋ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ነበረ፤ በዚያም ሆኖ ከጧት እስከ ማታ ያስተምር ነበረ። በመንበሩ 43 ዓመት ያህል ተቀምጦ በ232 ግድም ዐረፈ፤ በእርሱም ፈንታ ያሮክላ ተሾመ። በዓለ ዕረፍቱ ጥቅምት 12 ቀን፥ በእርሱ ሒሳብ መሠረት የአራቱን ዓመት ዙር በስሙ ከሚጀምርለት ከወንጌላዊው ማቴዎስ ጋር ይከበራል።