ሠራዊቱን በሒሳብ የመረጠው ኦዳ ኖቡናጋ

ቶታል ዋር ሾገን 2 የተባለውን ጌም የተጫወታችሁ ይቺን ስህተት ታውቋታላችሁ። ትንሽ ገንዘብ እጃችሁ ሲገባ ሙሉውን ጎራዴ በታጠቁ ሳሙራዮች ላይ ታፈሱታላችሁ። በአንድ ሠራዊት ውስጥ ያለው ቦታ 20 ብቻ ነው፤ ሁሉንም በምርጥ ምርጡ ትሞሉታላችሁ። ሲታይ ያምራል። ከዚያ የጠላት ፈረሰኛ ሜዳ ላይ ያገኛቸውና ይበትናቸዋል። ቢተርፉ እንኳ ቀለባቸው ካዝናችሁን ያራቁተዋል።

በዚሁ ጌም የኦዳን ቤት የመረጠ ተጫዋች ግን በሌላ መንገድ ነው የሚጀምረው። ተራ እግረኞቹ ከሌሎቹ እግረኞች ይሻላሉ፤ ወጪያቸውም ያንሳል። የጌሙ ሠሪዎች ይሄን ከመሬት ተነስተው አላመጡትም። ከጀርባው የአንድ እውነተኛ ሰው ሕይወት አለ።

ኦዳ ኖቡናጋ በ1534 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኦዋሪ በምትባል አውራጃ፣ ዛሬ ናጎያ ከተማ ባለችበት አካባቢ ተወለደ። ያኔ ጃፓን አንድ አገር የነበረችው በስም ብቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም፣ ሾገን የሚባለው የጦር አለቃም ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን ዳይምዮ በሚባሉ የየአውራጃው መሳፍንት እጅ ገብቶ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ይወጋል፣ ወንድም ወንድሙን ይጠረጥራል። ኖቡናጋ ራሱ ከገዛ ወንድሙ ጋር ተዋግቷል፤ በመጨረሻም አስገድሎታል።

በልጅነቱ ማንም ቁም ነገር አልጠበቀበትም። የመስፍን ልጅ ሆኖ ሳለ አለባበሱ የተዝረከረከ፣ ውሎው ከሰፈር ጎረምሶች ጋር፣ መንገድ ላይ እየበላ የሚሄድ ነበር። ሰዉ ጅል ይለው ነበር። አባቱ በ1550ዎቹ መጀመሪያ ሲሞት በቀብሩ ሥርዓት ላይ የዕጣኑን ዱቄት በእፍኙ ዘግኖ መሠዊያው ላይ በተነው ይባላል።

ጅል የተባለው ልጅ ግን አንድ ነገር ላይ ዓይኑን አልነቀለም፤ ወታደር ላይ። ጎረምሶቹን ቀርከሃ እያስያዘ እንደ ጦር ሲያዋጋቸው አጭር ጦር የያዘው ወገን እንደሚሸነፍ አየ። ስለዚህ የእግረኞቹን ጦር አስረዘመ። ርዝመቱ ከ5 ሜትር በላይ ደረሰ።

እንዲህ ያለ ጦር ለብቻው ለቆመ ሰው ሸክም ነው። አንድ ጊዜ ጫፉን ካለፉት በኋላ ባለቤቱ ምንም ማድረግ አይችልም። መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲይዘው ግን ፈረስም ሆነ ጎራዴ አይጠጋውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። ደግሞም ጥሩ ጎራዴ ተጫዋች ወይም ቀስተኛ ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል፤ አሺጋሩ የሚባለውን ተራ እግረኛ ግን በረድፍ አቁሞ ጦር ማስያዝ በአጭር ጊዜ ይቻላል። ብዙዎቹ መሳፍንት አሺጋሩን እንደ ማሟያ ሲያዩት፣ ኖቡናጋ የሠራዊቱ መሠረት አደረገው።

ጠመንጃም ገና አዲስ ነገር ነበር። በ1543 ፖርቹጋሎች ታኔጋሺማ ደሴት ላይ ይዘውት ደረሱ፤ የጃፓን አንጥረኞችም ብዙ ሳይቆዩ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በ1553 ገደማ የጎረቤት አውራጃ ገዥ የሆነው አማቹ ሳይቶ ዶሳን ይሄን ጅል የተባለ አማች በዓይኑ ሊያየው ቀጠረው። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ኦታ ጊዩይቺ እንደሚተርከው ኖቡናጋ የመጣው በተለመደ ዝርክርክ አለባበሱ ነው። ከኋላው ግን 500 ረጃጅም ጦር፣ ሌላ 500 ደግሞ ቀስትና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ተከትለውታል። ዶሳን የራሱን ሰዎች አጫጭር ጦር ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

በ1560 ኃያሉ ኢማጋዋ ዮሺሞቶ ወደ ኦዋሪ ዘመተ። ሠራዊቱ 25 ሺህ ያህል ነበር ይባላል፤ ኖቡናጋ የነበረው ከ3 ሺህ አይበልጥም። ኦኬሃዛማ በተባለ ቦታ ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ በድንገት ወደ ዋናው ሰፈር ገብቶ ዮሺሞቶን አስገደለው። ስሙ በመላ ጃፓን የተሰማው ያን ቀን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ድል ዕድሜ ልኩን ሊደግመው ይሞክር ነበር። ኖቡናጋ ግን በጥቂት ሰው ብዙውን መግጠምን ልማድ አላደረገውም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው፣ ብዙ ገንዘብና የተሻለ ዝግጅት ይዞ ለመውጣት ነው የደከመው።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? በያዘው ግዛት ላይ የመንገድ ኬላዎችን አነሳ፤ ነጋዴ እንደ ልቡ የሚገበያይባቸው ነጻ ገበያዎችን ከፈተ። በ1568 ኪዮቶ ገባ። ቀጥሎም የነጋዴዎች ከተማ የሆነችውን ሳካይን አስገበረ። ሳካይ ጠመንጃ ይሠራባታል፤ ለባሩድ የሚያስፈልገው ጨው ጴጥሮስም ከውጭ በመርከብ ይገባባታል። አያችሁ፣ ጠመንጃ መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያስመርጠውን ከተማም መያዝ ያስፈልጋል።

ትልቁ ፈተና በ1575 መጣ። ታኬዳ ካትሱዮሪ ናጋሺኖ የተባለውን ምሽግ ከበበ። የታኬዳ ቤት በፈረሰኞቹ የተፈራ ነው። ኖቡናጋ ከአጋሩ ከቶኩጋዋ ኢዬያሱ ጋር ሆኖ 30 ሺህ ገደማ ሠራዊት ይዞ ደረሰ፤ ካትሱዮሪ 15 ሺህ ያህል ነበረው።

ጠመንጃ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደነበር እዚህ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። በሚጨስ ክር ነው የሚተኮሰው። ዝናብ ከመጣ ክሩ ይጠፋል። አንዴ ከተኮሱ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ፈረሰኛ ይደርሳል። ተኳሹ ብቻውን ከሆነ አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ኖቡናጋ ከፊት ትንሽ ወንዝ ያለበትን ቦታ መረጠ፤ ከወንዙ ወዲህ የእንጨት አጥር አሠራ፤ ከአጥሩ ኋላ ተኳሾቹን፣ ከእነሱ ጋር ባለ ረጃጅም ጦሮቹን አቆመ። አንድ ክፍል ደግሞ በሌሊት ተራራውን ዞሮ የከባቢዎቹን ጦር ሰፈር ከጀርባ መታ። ካትሱዮሪ ከኋላው እሳት ሲያይ ወደፊት ከመግፋት ሌላ ምርጫ ጠበበበት።

ጠመንጃው 3 ሺህ ነበር የሚል አለ፤ 1 ሺህ የሚልም የዜና መዋዕሉ ቅጂ አለ። ተኳሾቹ በሦስት ረድፍ እየተፈራረቁ ተኮሱ የሚለውን ታሪክም ዛሬ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች አይቀበሉትም። ውጤቱ ግን አያከራክርም። ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሞ የገፋው የታኬዳ ሠራዊት ከቀትር በኋላ ተሰበረ። ያማጋታ ማሳካጌንና ባባ ኖቡሃሩን የመሰሉ ስመ ጥር አዛዦቹ እዚያው ቀሩ። ያሸነፈው ጠመንጃው ብቻ አልነበረም። አጥሩ ጠመንጃውን ጠበቀው፣ ጦረኛው አጥሩን ጠበቀው፣ ወንዙ ፈረሱን አዘገየው።

ሲሸነፍም ይማር ነበር። በ1576 የሞሪ ቤት መርከቦች በተቀጣጣይ ቦንብ የእሱን መርከቦች ኦሳካ አጠገብ አቃጠሉበት። በ1578 ትልልቅ መድፎች የተጠመዱባቸው፣ በብረት ተለብጠዋል የሚባሉ መርከቦች አሠርቶ ተመለሰና ያንኑ ባሕር ያዘ።

ይሄ ሁሉ ግን ደም አለበት። በ1571 የሂዬይ ተራራን ገዳማት አቃጠለ፤ መነኮሳት፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይለዩ አለቁ። በ1574 ናጋሺማ ላይ በአጥር የታጎሩ ብዙ ሺህ ሰዎችን በእሳት አስፈጀ። ሰውን በቁጥር ማየት የጀመረ አዛዥ የት ድረስ እንደሚሄድ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ይናገራሉ።

ሰው ሲመርጥም ዘር አይቆጥርም ነበር። ከዝቅተኛ አሽከርነት የተነሳውን ሂዴዮሺን ትልቅ አዛዥ አደረገው። በ1581 ደግሞ አንድ ጥቁር አፍሪካዊ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ኪዮቶ ገባ፤ ያሱኬ ነው። ኖቡናጋ መጀመሪያ ቀለም የተቀባ መስሎት አሳጠበው። እውነቱን ሲረዳ ከራሱ ጋር አስቀረው፤ ቤት፣ ቀለብና ጎራዴም ሰጠው። በ2025 የወጣውን አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስን የተጫወታችሁ የምታውቁት ያሱኬ ይሄው ነው።

በ1582 የታኬዳ ቤት ጨርሶ ጠፋ፤ ኖቡናጋም ጃፓንን ወደ አንድ የማምጣቱ ሥራ ሊጠናቀቅለት የተቃረበ መሰለ። ትልልቅ አዛዦቹን በየአቅጣጫው አሰማራ፤ አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ምዕራብ፣ አንዱ ምሥራቅ። እሱ ግን ኪዮቶ ውስጥ ሆኖጂ በተባለ ቤተ መቅደስ ጥቂት አሽከሮችን ይዞ አደረ። ሂዴዮሺን እንዲረዳ የታዘዘው አኬቺ ሚትሱሂዴ 13 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ወጣ፤ መንገዱንም ወደ ኪዮቶ አዞረ። ሚትሱሂዴም እንደ ሂዴዮሺ ኖቡናጋ ራሱ መርጦ ያሳደገው ሰው ነው። ሲነጋ ቤተ መቅደሱ ተከቦ ነበር። ኖቡናጋ በቀስትና በጦር ጥቂት ተዋጋ፤ ሲቆስል ወደ ውስጥ ገብቶ በሚነደው ሕንፃ ውስጥ ራሱን አጠፋ። ዕድሜው 50 አልሞላም። ልጁና ወራሹ ኖቡታዳም በዚያው ዕለት ሞተ።

ሚትሱሂዴን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሂዴዮሺ አሸነፈው። ሥራውን ሂዴዮሺ ቀጠለው፤ በ1600 ሴኪጋሃራ ላይ ያሸነፈው ኢዬያሱ ደግሞ በ1603 ሾገን ሆነ።

እንግዲህ ቀጣዩን ጌም ስትከፍቱ 20ውን ቦታ በኖቡናጋ ዓይን እዩት። ባለ ጦር እግረኛ ይብዛ፤ ቀስተኛና ተኳሽ ከኋላው ይሁን፤ ፈረሰኛ ጥቂት ይበቃል፤ ውዱ ሳሙራይ የቀረውን ክፍተት ይሙላ። እያንዳንዱን ስትገዙ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ከእሱ አትውሰዱ። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ጄኔራል የታማኝነት ቁጥር አለው። ወታደር ስትቆጥሩ እሱንም እዩት።