አልፍሬድ ቢኔ

አልፍሬድ ቢኔ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1857 – ኦክቶበር 18 ቀን 1911) ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። ከሐኪሙ ቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ያወጣው መለኪያ የዘመናዊ የአእምሮ ችሎታ ፈተናዎች መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ለትምህርት ጥናት ካበረከታቸው ነገሮች አንዱና ዋነኛው፣ የልጅን ዕጣ የሚወስን መለኪያ ራሱ አስቀድሞ መፈተን እንዳለበት በሥራው ማሳየቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቢኔ የተወለደው በኒስ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሰርዲኒያ መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ደግሞ ሠዓሊ ነበሩ። ወላጆቹ ከተለያዩ በኋላ ያደገው ከእናቱ ጋር ሲሆን ትምህርቱን የተከታተለው በፓሪስ ነው። በ1878 በሕግ ተመረቀ፤ በሙያው ግን ብዙ አልቆየበትም። በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጠ የሥነ ልቦና መጻሕፍትን በማንበብ ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1884 ሎር ባልቢያኒን አግብቶ ማድሌንና አሊስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ።

የሳልፔትሪየር ስሕተት

ከ1883 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት ያህል በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ከዝነኛው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ጋር ሠራ። በዚያም ከሻርል ፌሬ ጋር ሆኖ ሰው ሠራሽ እንቅልፍ (ሂፕኖሲስ) በያዛቸው ሕሙማን ላይ ሙከራ አደረገ። ሁለቱ ማግኔት በማቅረብ ብቻ የሕመም ምልክትን ከአንዱ የሰውነት ጎን ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል ብለው ጻፉ። ቤልጅጋዊው ዦዜፍ ዴልበፍ ሙከራውን ተመልክቶ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። መርማሪዎቹ የሚጠብቁትን ውጤት በሕሙማኑ ፊት በግልጽ ይነጋገሩበት ነበር። ስለዚህ የተገኘው ለውጥ የማግኔቱ ሳይሆን የመርማሪው ቃልና የሁኔታው ተጽዕኖ ነበር። ቢኔ በመጀመሪያ ቢከራከርም በመጨረሻ ስሕተቱን ተቀበለ። ተመርማሪው መርማሪው የሚፈልገውን መልስ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ከዚያ በኋላ የሥራው ቋሚ ጥያቄ ሆነ።

የመጠይቆችና የልጆች ጥናት

በ1891 በሶርቦን ወደሚገኘው የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኃላፊው ሆኖ እስኪሞት ድረስ ያለ ደመወዝ አገልግሏል። ከሄንሪ ቦኒ ጋርም ዓመታዊ የሥነ ልቦና መጽሔት መሠረተ። በ1894 ስለ ታላላቅ የሒሳብ አስሊዎችና የቼዝ ተጫዋቾች መጽሐፍ አሳተመ። ለዚህ ጥናት ሰሌዳውን ሳያዩ ለሚጫወቱ የቼዝ ጌቶች መጠይቅ ልኮ ነበር። ከመልሶቻቸው እንደተረዳው ብዙዎቹ በአእምሯቸው የሚይዙት የሰሌዳውን ሙሉ ሥዕል ሳይሆን የጨዋታውን አካሄድና የመጫወቻዎቹን ኃይል ነው።

በ1900 ያሳተመው ስለ ተጽዕኖ ተቀባይነት የሚናገር መጽሐፍ መጠይቅ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ዛሬም ትምህርት የሚሰጥ ነው። ለተማሪዎች ጥቂት ዕቃዎች የተለጠፉበትን ካርቶን ለአጭር ጊዜ አሳይቶ ያዩትን ጠየቃቸው። ልጆቹ ያዩትን በራሳቸው ቃል ሲናገሩ የሚሳሳቱት ጥቂት ነበር። ጥያቄው መልሱን በውስጡ አዝሎ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ ያላዩትን እንዳዩ አድርገው መለሱ። ስለዚህ የተሳሳተ መልስ ሁልጊዜ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ሊያመጣው ይችላል።

በዚሁ ጊዜ ቢኔ ብልህነት በራስ ቅል መጠን ይታወቃል የሚለውን የዘመኑን እምነት ለመፈተን የተማሪዎችን ጭንቅላት ለካ። በጎበዝና በደካማ ተማሪዎች መካከል ያገኘው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነበር። በተጨማሪም ጎበዝ እንደሆነ የሚያውቀውን ልጅ ጭንቅላት ሳያስበው አስፍቶ ሊለካ እንደሚችል ተጠራጠረ። ውጤቱ ግምቱን እንደማይደግፍ ካየ በኋላ መንገዱን ተወው።

የቢኔ–ሲሞን መለኪያ

በፈረንሳይ ትምህርት በ1882 በሕግ ግዴታ ከሆነ በኋላ፣ ከክፍል ጓደኞቻቸው እኩል መራመድ ያልቻሉ ልጆች ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። በ1904 የትምህርት ሚኒስቴር ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቢኔም አባል ሆነ። ማንም ልጅ ሳይመረመር ከመደበኛ ክፍል ወጥቶ ወደ ልዩ ክፍል እንዳይላክ ተወሰነ። ምርመራው በምን መሣሪያ እንደሚካሄድ ግን አልታወቀም ነበር። ቢኔና ሲሞን የሐኪሞችን የምስክር ወረቀቶች ሲያነጻጽሩ፣ ስለ አንድ ልጅ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተሰጡ ውሳኔዎች እርስ በርስ ሲጋጩ አገኙ። አንዱ ሐኪም ከባድ ያለውን ሌላው ቀላል ይለው ነበር።

በ1905 ያቀረቡት መለኪያ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ 30 ጥያቄዎችና ተግባራት ነበሩት። ጥያቄዎቹ ከመምረጫቸው በፊት በልጆች ላይ ተሞክረዋል። የማነጻጸሪያው ቡድን መምህራን መካከለኛ ናቸው ብለው የመረጧቸው 50 ያህል ልጆች ነበሩ። የአሰጣጡም ሥርዓት ተወስኖ ነበር፦ ልጁ ጸጥ ባለ ክፍል ለብቻው ይቀርባል፤ መርማሪው በደግነት ይቀበለዋል፤ በመልሱ ግን አያግዘውም።

በ1908 የወጣው ሁለተኛው እትም ጥያቄዎቹን ከ3 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ መደባቸው። አንድ ጥያቄ ለአንድ ዕድሜ የሚመደበው በዚያ ዕድሜ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ሲመልሱት ነው። ለምሳሌ የ3 ዓመት ልጅ አፍንጫውን፣ ዓይኑንና አፉን ያሳያል፤ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ከሁለት ሳጥኖች የከበደውን ይለያል። የአእምሮ ዕድሜ የሚባለው አስተሳሰብ የመጣው ከዚህ አመዳደብ ነው።

መለኪያው በትክክል የተባለውን ነገር ይለካ እንደሆነ ለማወቅ ቢኔ ውጤቱን ከልጆቹ የትምህርት ደረጃ ጋር አነጻጸረ። በብራስልስ ዴክሮሊና ደጋን መለኪያውን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሲሞክሩ፣ የባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች ከፓሪስ ልጆች በልጠው ተገኙ። ቢኔ ይህን ችላ አላለም፤ የቤተሰብ ኑሮ በውጤቱ ላይ ያለውን ድርሻ በቀጣይ ጽሑፉ መረመረ። በ1911 እትም ከትምህርት ቤት ዕውቀት ጋር በጣም የተያያዙ እንደ ማንበብ ያሉ ጥያቄዎችን አስወጣ፤ መለኪያውንም ለአዋቂዎች አሰፋ።

ስለ ልጆች ያለው አመለካከት

ቢኔ ውጤቱን ልጁ በዚያን ሰዓት ያለበትን ደረጃ የሚያሳይ ምልክት አድርጎ እንጂ ለዕድሜ ልክ የተጻፈ ፍርድ አድርጎ አላየውም። በ1909 ባሳተመው ስለ ልጆች በሚናገረው መጽሐፍ፣ የአእምሮ ችሎታ ከቶ አይጨምርም የሚሉትን ተቃወመ። ለደካማ ተማሪዎችም ትኩረትን፣ ትዕግሥትንና ማስታወስን የሚያጠነክሩ ልምምዶች አዘጋጀ። ለእርሱ የመለካት ዓላማ ልጁን የሚረዳውን ትምህርት ማግኘት ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ቢኔ በ54 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። በ1912 ጀርመናዊው ዊሊያም ሽተርን የአእምሮ ዕድሜ ለእውነተኛው ዕድሜ እንዲካፈል ሐሳብ አቀረበ። በአሜሪካ ሄንሪ ጎዳርድ መለኪያውን አስተረጎመ፤ ሉዊስ ተርማን ደግሞ በ1916 አሻሽሎ የስታንፎርድ–ቢኔ ፈተና በሚል ስም አወጣው። የአእምሮ ችሎታ በዘር የሚወረስና የማይለወጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚያ ገኖ ስለነበር፣ ለእርዳታ የተሠራው መሣሪያ ሰዎችን በደረጃ ለመለየትና ለማግለል ዋለ። ሲሞን ረጅም ዕድሜ ኖሮ ይህን አጠቃቀም አይቷል፤ ከቢኔ ዓላማ የወጣ መሆኑንም ተናግሯል። የቢኔን ስም የያዘው ፈተና በየጊዜው እየታደሰ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል።