ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር፦ በዐረብኛ ፊደል፣ በገበሬው አማርኛ

በወሎ የመንዙማ ታሪክ ሲነሳ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ሳይጠሩ አይታለፉም። ሊቅም፣ የአመፅ መሪም፣ ገጣሚም ነበሩ።

ግንቦት 1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን፣ ቦሩ ሜዳ ላይ የተቀመጠው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ክርስትናን እንዲቀበል ወሰነ። ከባላባቶቹ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃ ግን አሻፈረኝ አሉ። በ1870ዎቹ ተቃውሞውን መርተው ተዋጉ፣ ተሳደዱም።

ከጦርነታቸው ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ግን ግጥማቸው ነው። ዐረብኛን ጠንቅቀው የሚያውቁት ሼህ በአማርኛ ገጠሙ፤ የጻፉትም አጀሚ በሚባለው ስልት፣ በዐረብኛ ፊደል ነው። የሃይማኖት ዕውቀት መለኪያው ዐረብኛ በነበረበት ዘመን ይህ ደፋር ምርጫ ነበር። መንዙማ በድቤ ታጅቦ በሐድራ የሚዜም እንጂ ተቀምጦ የሚነበብ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ኪታብ ያልቀራው ገበሬና እረኛ አስተርጓሚ ሳይሻ እንዲገባው ሆኖ መገጠም ነበረበት። እምነቱን ለመተው በተገደደ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ጥቅሙ የጎላ ነው፦ ኪታብ ሊቀማ ይችላል፣ በቃል የተያዘ ዜማ ግን ፈታሽ አያገኘውም።

ሼህ ጦልሃ እ.ኤ.አ. በ1936 ዐረፉ።