መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እና የመስተዋት ሥዕሎቻቸው

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ምሕንድስና ታሪክ ሲወሳ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ስለ ድልድያቸው፥ ስለ ውሃ ቧንቧቸውና ስለ ባቡር ሐዲድ ውጥናቸው ብዙ ተነግሯል። የፎቶግራፍ ሥራቸው ግን እምብዛም አልተነገረለትም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኢልግን ሥራ በሚገባ ለመመዘን ከእርሳቸው በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1868 ጄኔራል ናፒየር የመሩት የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶች ክፍል የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ጦሩ የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ በዋግና በላስታ ደጋ ሲጓዝ አገሩን የሚገዙት፥ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት፥ ዋግ ሹም ጎበዜ ነበሩ፤ የዋግ ሹሞች መናገሻም ሰቆጣ ነበረች። በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ እጅግ አድካሚ ነው። መስተዋቱ በኮሎዲዮን ከተቀባ በኋላ በሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም ሳይደርቅ፥ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፥ ሥዕሉ ተነሥቶ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው በደረሰበት ሁሉ ጨለማ ድንኳን፥ የመድኃኒት ጠርሙስና ንጹሕ ውሃ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ጓዝ በዋግ ገደላ ገደል ማጓጓዝ የሚችለው በርካታ የጭነት ከብት ያለው ጦር እንጂ አንድ ተራ መንገደኛ አልነበረም።

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በስዊስ አገር በፍራወንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተምረው ወጡ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በኤደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት አማካይነት ሙያተኛ ይፈልጉ ስለ ነበር፥ ኢልግ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተጉዘው በ1879 ወደ ሸዋ ገቡ። ገና ወጣት ሳሉ የመጡበት ይህ አገልግሎት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ያቆያቸዋል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ እንደ ነበረ ይተረካል። ቀጥሎ የአዋሽን ወንዝ የሚያሻግር ድልድይ ሠሩ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረችም በኋላ ከእንጦጦ ተዳፋት በቧንቧ ውሃ ስበው ወደ ቤተ መንግሥቱ አደረሱ። ውሃ ከከፍተኛ ስፍራ ተነሥቶ ቆላውን ካቋረጠ በኋላ ከመነሻው ዝቅ እስካለ ስፍራ ድረስ በተዘጋ ቧንቧ እንደገና ሽቅብ መውጣቱ ለመሐንዲስ ተራ ነገር ነው፤ ይህን አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን ተአምር ይመስላል።

በ1894 ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ጋር የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተቀበሉ። በ1897 ደግሞ ዐፄ ምኒልክ የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሟቸው። ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተደረጉ ድርድሮች ውስጥ እጃቸው ነበረበት። ሆኖም ጉዟቸው ሁሉ የተቃና አልነበረም። በጦር መሣሪያና በሌላም ንግድ መሳተፋቸው የተለያዩ ወገኖች እንዲተቿቸው አድርጓል። የባቡሩም ኩባንያ በገንዘብ እጥረት ተይዞ በፈረንሳይ መንግሥት ተጽዕኖ ሥር በመውደቁ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ለዓመታት ቆመ። ኢልግ በ1906 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በተከታዩም ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ። በጥር 1916 በዙሪክ ሲያርፉ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር፤ የገባው በ1917 ነው።

ኢልግ በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ካሜራቸውን አልተዉም። ይህን ያስቻላቸው በቴክኒክ የተገኘ አንድ እመርታ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ማዶክስ በ1871 ያሳወቁት የጄላቲን ደረቅ ሰሌዳ፥ ኢልግ ወደ ኢትዮጵያ በተነሡበት ጊዜ ገደማ በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጥ ጀመር። ደረቁ ሰሌዳ ከአውሮፓ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላም ለመታጠብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ጨለማው ድንኳን በየመንገዱ መተከሉ ቀረ፤ በ1868 የጦር ሠራዊት ጓዝ የጠየቀውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው ቻለ። ቢሆንም ሸክሙ ቀላል አልነበረም። 13 በ18 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ደርዘን የመስተዋት ሰሌዳ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህም በግመልና በበቅሎ ጀርባ ሳይሰበር በረሃውን ማቋረጥ አለበት። እርጥብ ጄላቲን በሙቀት ስለሚልም ሰሌዳውን ለማጠብ ቀዝቃዛው የደጋ ውሃ ይሻላል።

ኢልግ ያነሷቸውና የሰበሰቧቸው ፎቶግራፎች ቤተ መንግሥቱን፥ መኳንንቱን፥ የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ዘመን ኑሮና ሥራ ያሳያሉ። ዛሬ የሚጠበቁት በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ሲሆን ኤሊዛቤት ቢያዚዮ የተባሉት የሙዚየሙ ባለሙያ በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ስብስቡ በሰፊው አስረድተዋል። ኢልግ ያስጀመሩት የ1 ሜትር ስፋት ሐዲድ በ2016 በአዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ተተክቷል፤ ብርጭቆ ላይ የቀረው ምስል ግን አሁንም ይነበባል። ብረትና ድንጋይ ሲያረጅ፥ በቀላሉ የሚሰበረው መስተዋት ዕድሜ ሊያገኝ የቻለው በአግባቡ የሚይዘው ሰው ስላገኘ ነው።

ይህ ነገር ለባለሙያዎች ሁሉ ቁም ነገር አለው። በሰቆጣም ሆነ በሌላ የደጋ ከተማ ከአያት የተወረሰ ሳጥን ሲከፈት የመስተዋት ሰሌዳ ወይም የቆዳ መንፊያ ያለው አሮጌ ካሜራ ቢገኝ፥ ጉዳቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በቅን አሳቢ እጅ ነው። ምስሉ የሰፈረበት የሰሌዳው ገጽ በውሃም በጨርቅም ሊነካ አይገባም፤ የሚጠረገው ጀርባው ብቻ ነው። ሰሌዳዎቹ አሲድ በሌለው ወረቀት እየተጠቀለሉ በጎን መቆም አለባቸው፤ ተደራርበው ከተኙ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይሰብራል። የደረቀ የካሜራ መንፊያ በኃይል ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፤ ሻጋታ የያዘ ሌንስ ደግሞ በአሸዋማ ጨርቅ ሲፈተግ ፈጽሞ ይጠፋል። የጎደለ ክፍል ቢተካ እንኳ አሮጌው ሳይጣል ከመሣሪያው ጋር ሊቀመጥ ይገባዋል። ጦርነት በ2021 ሰቆጣንና አካባቢዋን ካዳረሰ ወዲህ በየቤቱ የተረፈው ቅርስ ከቀድሞው ይበልጥ ውድ ሆኗል። ሰሌዳው የት፥ መቼና ማንን እንደሚያሳይ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መዝግቦ ከሰሌዳው ጋር ማኖርም የጥገናው ሥራ አንዱ ክፍል ነው።